አሥራ አንድ ያልተከፈቱ ፎቶዎች

«ዕቃው ከእኛ እጅ ሲወጣ ምንም ጉዳት አልነበረበትም።»

ከዚህ የበለጠ ፈሪ ዓረፍተ ነገር አላውቅም። ውሸት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ደፋር ይባል ነበር። እሱ ግን እውነቱን ተናግሮ ጀርባውን የሚያዞር ነው። ሰው በኢንተርኔት መስታወት አዝዞ ስባሪ ሲደርሰው፣ ሻጩ «እኔ ጋ ሳለ ደህና ነበር» ይለዋል። ስለዚያ ማን ጠየቀው? ገዢው የሚጠይቀው አሁን ጣቱን ስለቆረጠው ነገር ነው።

ዓረፍተ ነገሩን የጻፈው የመስታወት ቤቱ ባለቤት ነው። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ለቅሬታ አቅራቢዎች የምትልከው ደግሞ ልጁ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቷታል፤ አባቷ ግን እስከ ዛሬ «ሚጣ» ነው የሚላት፤ ሠራተኞቹም ከኋላዋ እንዲሁ። በተዘጋጁት መልሶች ዝርዝር ላይ አራተኛ ስለሆነ ዓረፍተ ነገሩ «መልስ አራት» ይባላል። ቅሬታ ይመጣል፤ ሚጣ አንድ ቁልፍ ትጫናለች፤ መልስ አራት ይሄዳል። ጉዳዩ ለዕቃ አድራሹ ድርጅት ይተላለፋል። ድርጅቱ ጥፋቱን ካመነ ለገዢው ምትክ ይላክለታል፤ ካላመነ መልስ አራት የመጨረሻው ቃል ሆኖ ይቀራል።

ገዢዎቹ ከቅሬታቸው ጋር የሚልኩትን ፎቶ መክፈት ክልክል ነው። አባቷ ሥራ ያስጀመራት ቀን ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ አስጠንቅቋታል፤ «ፎቶውን ከከፈትሽ ታዝኛለሽ። ካዘንሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ። ይቅርታ የጠየቀ ነጋዴ ደግሞ ጥፋቱን አመነ ማለት ነው።»

እሷም አልከፈተችም። የምትከፍተው ሌላ ፎቶ ነበራት።

ታሪኩን ዛሬ ለያዛችሁት፣ ያለፈው በአጭሩ እንዲህ ነው። በዚያ ቤት አሻጊው ካርቶኑን ከመዝጋቱ በፊት መስታወቱ ላይ በመስቀለኛ ፕላስተር ይለጥፋል፤ ቢሰበር እንኳ ስባሪው እንዳይበተን። ከዚያ ፎቶ አንስቶ በትዕዛዙ ቁጥር ሥር ኮምፒውተር ውስጥ ያስገባል። ነገር ሲመጣ ምስክር የሚሆነው ይህ ፎቶ ነው። ከዘጠኝ ወር በፊት ሚጣ ለአንድ ቅሬታ ማስረጃ ስትፈልግ የመጋዘኑን ፎቶ ከፈተች። መስታወቱ ውስጥ፣ በሁለቱ ፕላስተሮች መካከል፣ ፎቶ አንሺው ራሱ ይታያል፤ አንድ ዓይን፣ ግማሽ አፍ፣ እንደ አምባር ክንዱ ላይ ያጠለቀው የፕላስተር ጥቅል።

የሦስተኛው ጠረጴዛ አሻጊ ነበር። ማንኛውንም ዕቃ ሁለት ሦስት ጊዜ ካልጠቀለለ ስለማይረካ ባልደረቦቹ «ደራርብ» ብለውታል።

ከፎቶው ሥር «ምርመራ» የሚል ዓምድ አለ። «ፎቶው ላይ ሰው ይታያል» ብላ ጻፈችበት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሁለተኛ አይለመደኝም» ብሎ መለሰ።

ሁለት ቀን ሙሉ መስታወቶቹ ውስጥ የሚታየው የመጋዘኑ ጣሪያ ብቻ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ሚጣ ጻፈች፤ «ጣሪያው ይታያል።»

ከአንድ ሰዓት በኋላ መለሰ፤ «ጣሪያው ይነሣ?»

«ይነሣ።»

በማግስቱ ፊቱ ተመለሰ፤ ፀጉሩ ተበጥሮ።

አንድ ሕንፃ ውስጥ ናቸው፤ እሷ ፎቅ ላይ፣ እሱ ምድር ቤት። ግን የቢሮ ሰው በዋናው በር፣ የመጋዘን ሰው በጓሮ ነው የሚገባው። ወደ መጋዘኑ የሚያሳየው አንድ መስኮት ያለው በአባቷ ወንበር በኩል ነው፤ የእሷ ጠረጴዛ ወደ ግድግዳ ዞሯል። በዘጠኝ ወር ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ አውቶቡስ ሲጠብቁ፣ እንደማይተዋወቁ ሰዎች ፊታቸውን ወደ መንገዱ አድርገው። የቀረው ሁሉ ያለው «ምርመራ» ዓምድ ውስጥ ነው፤ አባቷ ያንን ዓምድ አያነብም። «እርስዎ» እዚያ ውስጥ «አንቺ» ሆነ። ከሦስት ወር በፊት ደግሞ እዚያው ላይ «ፕላስተሩ ዓይንህን ጋረደብኝ» ብላ ጻፈችለት። ከዚያን ቀን ወዲህ ፊቱ ሙሉውን ይታይ ጀመር። እንዴት እንደሆነ አልጠየቀችም። የወደደ ሰው ጥያቄ አያበዛም ይባላል። ይህ ስንፍና ነው እንጂ ምን ፍቅር ነው!

ዛሬ ጠዋት አባቷ ወረቀት እያርገበገበ ገባ።

«ሚጣ፣ ይቺን አንብቢልኝ። ጮክ ብለሽ።»

የዕቃ አድራሹ ድርጅት ደብዳቤ ነበር። አነበበችው፤ «አሥራ አንድ የጉዳት ማመልከቻዎች ውድቅ ተደርገዋል። በላኪው ፎቶዎች ላይ መስታወቶቹ ፕላስተር የላቸውም። ፕላስተር የሌለው መስታወት በአግባቡ እንደታሸገ አይቆጠርም። በተጨማሪም በሁሉም ፎቶዎች ላይ አንድ ግለሰብ ይታያል።»

«አንድ ግለሰብ!» አለ አባቷ። «አሥራ አንዱም ከሦስተኛው ጠረጴዛ ናቸው። ያ ደራርብ የምትሉት። ፕላስተሬን እየሰረቀ፣ በዚያ ላይ ፀጉሩን አበጥሮ ፎቶ ይነሣልኛል! ሌባስ አይቻለሁ፤ ራሱን እንዲህ የሚወድ ሌባ ግን ገጥሞኝ አያውቅም።»

«አባዬ፣ ፕላስተር ሰርቆ ለማን ይሸጣል?»

«ሌባ ገዢ አያጣም። ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉንም ሰብስቤ ፊታቸው አባርረዋለሁ። ለየመጋዘኑም እጽፋለሁ። በዚህ ከተማ ካርቶን የሚያስነካው ሰው እንዳይኖር አደርጋለሁ።»

ይህ ሰው በወጣትነቱ መስታወት ተሸካሚ ነበር። ሁለቱም መዳፎቹ ላይ የጠባሳ መስመር አለ፤ እጁን የጨበጠ ሁሉ ይሻክረዋል። እንግዳ ሲመጣ መዳፉን ዘርግቶ ታሪኩን ያወራል፤ መስታወት የሚሸከም ሰው ግን ከዋናው በር እንዲገባ አይፈቅድም። ከድህነት የወጣ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ለሌላው መሰላሉን የሚይዝለት አለ፣ መሰላሉን ይዞት የሚሄድ አለ።

አባቷ ሲወጣ ሚጣ ወደ ግድግዳው ዞራ ተቀመጠች። ወደ ኋላ እየመለሰች የሦስተኛውን ጠረጴዛ ፎቶዎች አንድ በአንድ አየች። ፕላስተር የለም። የለም። የለም። ደግሞ የለም። ከዚያ ፕላስተር ያለበት የመጨረሻው ፎቶ መጣ፤ ከሥሩም የገዛ ራሷ ቃል፤ «ፕላስተሩ ዓይንህን ጋረደብኝ።»

ገባት። ፎቶውን ከፕላስተሩ በኋላ ሳይሆን በፊት ማንሣት ጀምሯል፤ ለእሷ ብሎ።

ግን ወዲያው ሌላ ሐሳብ እንደ እሾህ ወጋት። ፎቶውን ካነሣ በኋላስ ለጥፎታል? ወይስ እሱም በሷ ፍቅር ደንዝዞ ጨርሶ ትቶታል? ለዘጠኝ ወር በየቀኑ ያየችውን ፊት አሁን መጠርጠር ጀመረች። ጥርጣሬዋን የሚፈታላት ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የገዢዎቹ ፎቶ።

«ያልተከፈተ» ይላል በቀይ። «ያልተከፈተ»፣ «ያልተከፈተ»፤ አሥራ አንድ ጊዜ።

የመጀመሪያው የአንዲት ፀጉር ሠሪ ነበር። ሚጣ ቁጥሩን ታስታውሰዋለች፤ ሦስት ጊዜ መልስ አራትን ልካላታለች። አሁን ደብዳቤዎቹን ሳትዘል አነበበቻቸው።

አንደኛው፤ «ጤና ይስጥልኝ። ባለ ጥቁር ፍሬሙ ረጅም መስታወት ተሰብሮ ደርሷል። ፎቶ አያይዣለሁ።»

ሁለተኛው፤ «መልሳችሁ ደርሶኛል። ከእናንተ ሲወጣ ደህና መሆኑን አምናለሁ። እኔ ግን ያለሁት እዚህ ነው። ሰኞ ፀጉር ቤቴን ልከፍት ነበር። እባካችሁ ፎቶውን ክፈቱት።»

ሦስተኛው፤ «ማሽን ነሽ ወይስ ሰው? ገንዘቡን ለጊዜው ተዪው። ሰው ከሆንሽ ፎቶውን ክፈቺና ‹አየሁት› በይኝ፤ ሌላ ምንም አልልሽም።»

ከፈተችው።

መስታወቱ ወለል ላይ ተጋድሟል። ከመሐሉ ተሰንጥቆ ስንጥቁ ወደ አራቱም ማዕዘን ሮጧል። ስባሪው ግን አልተበተነም፤ ፕላስተር ይዞታል። ደንቡ የሚጠይቀው ሁለት ሆኖ ሳለ እዚህ አራት ተለጥፏል፤ መስቀለኛ በመስቀለኛ ላይ፣ ጫፎቹ በአውራ ጣት ተጭነው። እንዲህ የሚለጥፍ አንድ ሰው ብቻ ነው። ለጥፎታል። ደራርቦ ለጥፎታል!

የእፎይታዋ ዕድሜ ግን የአንድ ትንፋሽ ያህል ነበር። በየስባሪው ውስጥ ሴትዮዋን አየቻት። በአንዱ ቁራጭ አገጯ፣ በሌላው ትከሻዋ፣ በሌላው ስልክ የያዘ እጅ፤ ሁለት ጣቱ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ከኋላዋ ላስቲኩ ያልተላጠ አዲስ የፀጉር ቤት ወንበር።

የቀሩትን አሥር ከፈተች። የሁሉም ስባሪ ፕላስተሩ ላይ ነው፤ በሁሉም ውስጥ ሰው አለ። ጎንበስ ያሉ ሽማግሌ። ሕፃን የታቀፈ አባት። ከአንገቷ በላይ ስባሪው ውስጥ የማትታይ ወጣት። ሚጣ ዘጠኝ ወር ሙሉ ደህናውን መስታወት ከፍታ የአንድ ወንድ ፊት ስታይ ኖራለች፤ የተሰበረውን ይዘው «እዩን» የሚሉትን አንድም ጊዜ ዞር ብላ አላየችም።

በፀጉር ሠሪዋ ትዕዛዝ ሥር፣ «ምርመራ» ዓምድ ላይ፣ ያን ሰሞን የተጻፉ ሁለት መስመሮች ነበሩ።

ደራርብ፤ «ለፀጉር ቤት የሄደው ረጅሙ አሳስቦኛል። ደህና ደረሰ?»

ሚጣ፤ «ደህና ደርሷል። እጅህ ይባረክ።»

ይህን የጻፈችው የሴትዮዋ ሁለተኛ ደብዳቤ በመጣ ማግስት ነበር። ማንንም ልጎዳ ብላ አይደለም፤ እሱን ደስ እንዲለው ብላ ነው። ሚጣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ የምትሸሽገው ከማን እንደሆነ ግን አላወቀችም።

ለስድስት ሰዓት ሃያ ደቂቃ ሲቀረው፣ በጓሮው ደረጃ ወደ መጋዘኑ ወረደች። በዚያ ደረጃ ስትወርድ የመጀመሪያዋ ነው። ካርቶን የሚያጣጥፉት አሮጊት፣ ሁሉም «እማማ ካርቶን» የሚሏቸው፣ ቀና አሉ።

«ውይ ሚጣ! ምነው ልጄ፣ መንገድ ጠፋሽ?»

«አዎ፣ እማማ» አለች። «ቆየሁ ከጠፋሁ።»

ደራርብ ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሲያያት መጀመሪያ ፊቱ በራ፤ ከዚያ ዙሪያውን ቃኘ።

«ምን ሆነሽ ነው? ሰው ያየናል እኮ!»

«ፎቶውን ፕላስተሩን ሳትለጥፍ የምታነሣው ለእኔ ብለህ ነው?»

ፈገግ አለ። «ጋረደብኝ ያልሽው አንቺ አይደለሽ?»

«አባቴ ስድስት ሰዓት ላይ ሊያባርርህ ነው። ሌባ ብሎ። ለየመጋዘኑም ሊጽፍብህ ነው። አሥራ አንድ መስታወት ተሰብሯል።»

ፕላስተሩን የያዘ እጁ አየር ላይ ቀረ። መባረሩን የሰማው አይመስልም።

«ስንት?»

«አሥራ አንድ።»

«ባለ ጥቁር ፍሬሙስ? የፀጉር ቤቱ?»

«እሱም።»

«ደህና ደርሷል ብለሽኝ ነበር።»

ሚጣ ልትዋሽ ትችል ነበር። አላወቅሁም፣ ተምታቶብኝ ነው፣ ሌላ ትዕዛዝ መስሎኝ ነው። አሥር ሰበብ ምላሷ ጫፍ ላይ ተሰልፎ ነበር፤ ለዚህ ሥራ የሠለጠነች ልጅ ናት።

«አልከፈትኩትም» አለች። «የሰዎቹን ፎቶ አንድም ቀን ከፍቼ አላውቅም። ያንተን ብቻ ነበር የማየው።»

ሌላ ወንድ ቢሆን ይህን እንደ ፍቅር ቃል በሰማው። የሚበዙት የፍቅር ታሪኮችም እዚህ ላይ ያጨበጭባሉ። ደራርብ ግን ፕላስተሩን ከክንዱ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ በቀስታ፣ እንደሚሰበር ዕቃ።

«እኔ አሻጊ ነኝ» አለ። «ካርቶኑ ከተዘጋ በኋላ ያለውን አላይም። የሚያዩልኝ እርስዎ ነበሩ።»

እርስዎ! ሚጣ በሁለት እጇ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

«እንደዚህ አትበለኝ።»

«ቢነገረኝ ኖሮ መሐሉ ላይ ወፍራም ካርቶን እጨምርበት ነበር። ዳርና ዳሩን በአረፋ ፕላስቲክ እሞላው ነበር። ከአንዱ በኋላ አሥሩ ይድኑ ነበር። የቀረኝ ማወቅ ብቻ ነበር።» ድምፁ ከፍ አላለም፤ ያ ነው የከፋው። «ዘጠኝ ወር ፀጉሬን እያበጠርኩ ቆሜያለሁ። ሴትዮዋ ጣቷን ተቆርጣለች?»

«በምን አወቅህ?»

«መስታወት አይደል። ማንን ሳይቆርጥ ቀረ?»

«አሁን ለአባቴ እነግረዋለሁ። ሁሉንም።»

«እንዳይናገሩ! ጋሼ ሌባ ብለው ያባርሩኝ። የሌባ ስም በጊዜ ይረሳል። እርስዎ ግን የሚኖሩት እዚህ ቤት ነው።»

በዚህ ጊዜ ቁጣ እንደ ትኩስ ውሃ ፊቷ ላይ ወጣ።

«ተው! አባቴ ‹አትክፈቺ› ይለኛል፣ አንተ ‹አትናገሪ› ትለኛለህ። በምን ትለያያላችሁ? ለእኔ ብለህ ሌባ ተብለህ ልትወጣ ነው? ከዚያ በኋላ ፊቴን በየትኛው መስታወት ላየው ነው?»

እጁ ሽርጡን መፍታት ጀመረ። አለማየት ግን አልቻለም፤ ዓይኑ ዓይኗ ላይ ቀረ፤ ተቆጥቶ፣ ተጎድቶ፣ ደግሞም እንደናፈቀ። ሚጣ ያንን ዓይን ያለ መስታወት በቅርብ ስታየው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ የመጨረሻዋ እንዳይሆንም ፈራች።

ልክ በስድስት ሰዓት አባቷ ደብዳቤውን ይዞ መጋዘኑ መሐል ቆመ። ስድስቱ ሠራተኞች ተሰበሰቡ። ደራርብ ሽርጡን አውልቆ አጣጥፎ ይዞታል፤ የሚሄድ ሰው ይመስላል።

«ይህ ልጅ» አለ አባቷ፣ «ፕላስተር ሳይለጥፍ መስታወት ሲያሽግ ኖሯል። የፕላስተሬ ጥቅል የት እንደገባ እሱ ያውቃል።»

«ጋሼ!» አሉ እማማ ካርቶን። «ደራርብ በፕላስተር ይታማል? ይሄ ልጅ እኮ የምሳ ዕቃውን ሳይቀር በፕላስተር አሽጎ የሚመጣ ነው! በልተን ሳንጨርስ የእረፍት ሰዓቱ የሚያልቅብን እሱን ስንልጥ ነው!»

አንድ ሁለቱ ሳቁ። አባቷ አልሳቀም።

«እሺ አንተ፣ ተናገር። ፎቶዎቹ ላይ ፕላስተር አለ ወይስ የለም?»

«የለም፣ ጋሼ።»

«ለምን?»

ደራርብ መሬት መሬት አየ። ሚጣ ኮምፒውተሯን ደረቷ ላይ ታቅፋ ከሰዎቹ ኋላ ወጣች።

«ፎቶዎቹ ላይ የለም» አለች። «መስታወቶቹ ላይ ግን አለ።»

«ሚጣ፣ ወደ ላይ ውጪ።»

«እየው፣ አባዬ።» ኮምፒውተሩን ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ አስቀመጠችው። «ይህ የእኛ ፎቶ አይደለም። የገዢዎቹ ነው። አሥራ አንዱም አራት አራት ፕላስተር አላቸው። ስባሪውን የያዘው እሱ የለጠፈው ነው።»

«ፎቶ አትክፈቺ አላልኩሽም?»

«ብለኸኛል። ሰምቼህም ነበር። ስለሰማሁህ ነው እዚህ የደረስነው።»

አባቷ መነጽሩን ከኪሱ አወጣ። ሊያይ አልፈለገም፤ ግን አሥራ አንድ ማስረጃ ፊቱ ተዘርግቶ የማያይ ነጋዴ የለም። ጎንበስ አለ። መጀመሪያ ፕላስተሩን አየ። ከዚያ ዓይኑ ስባሪው ውስጥ ወዳለው እጅ ሄደ፤ ሁለቱ ጣቶች፣ ነጩ ጨርቅ። ቆየ። ሳያስበው አውራ ጣቱ የራሱን መዳፍ ጠባሳ ይዳብስ ጀመር።

«ይቺ ማን ናት?»

«ፀጉር ሠሪ ናት። ሦስት ጊዜ ጽፋለች።»

«ምን ብለሽ መለስሽላት?»

«አንተ የጻፍከውን።»

አባቷ መነጽሩን አወለቀ፤ ድምፁም ትንሽ ወረደ።

«ጥሩ። ለጥፏል። ታዲያ ለምን ሳይለጥፍ ፎቶ ያነሣል? የአእምሮ በሽተኛ ነው?»

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ ደራርብ ቶሎ ብሎ። «ሥራ ለማፍጠን—»

«ፊቱ እንዲታየኝ ብዬ ነው» አለች ሚጣ። «ፕላስተሩ ጋረደብኝ ብዬ የጻፍኩለት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ወር ተጻጽፈናል። እወደዋለሁ፣ አባዬ። ደህና ደረሰ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ የዋሸሁትም እኔ ነኝ። የሚባረር ካለ ከእኔ ጀምር።»

እማማ ካርቶን አፋቸውን በካርቶን ሸፈኑ።

«ከአሻጊ ጋር?» አለ አባቷ። ጮኾ አይደለም፤ ሹክሹክታ ነበር፤ ግን ሁሉም ሰማው።

«እኔን የወለደችኝ እናት ያገባችው መስታወት ተሸካሚ ነው።»

የአባቷ ፊት ቀላ፤ ከዚያ ገረጣ። እጁን አነሣ፤ ሊመታት ነው ብለው ያሰቡ ነበሩ። እሱ ግን መዳፉን አየና ጨበጠው።

«በፕላስተር አላባርረውም» አለ በመጨረሻ። «ለማንም አልጽፍበትም። ሌባ አይደለም። ፊቱን በማሳየቱ ግን አባርረዋለሁ! የንግድ ቤቴን ምስክር የፍቅር ደብዳቤ አድርጎብኛል። ለአሥራ አንዱ ሰዎች ምትክ ዛሬውኑ ያሽግላቸው። ከአድራሹ ጋር እኔ እጣላለሁ። ከዚያ በጓሮ በር ይውጣ።»

ወደ ፎቅ ወጣ። ደረጃው ላይ ግን አንድ ጊዜ ቆመ፤ አልዞረም። ሚጣ ያንን ጀርባ ሲያረጅ ያየችው ያን ጊዜ ነው።

ከሰዓት በኋላ እሱ ምድር ቤት አሥራ አንድ መስታወት አሸገ፤ እሷ ፎቅ ላይ አሥራ አንድ ደብዳቤ ጻፈች። መልስ አራትን አልነካችም። ለፀጉር ሠሪዋ እንዲህ አለቻት፤ «አየሁት። ቀደም ብዬ ማየት ነበረብኝ፤ አላየሁም። ስባሪው ውስጥ እጅዎ ታስሮ አይቻለሁ። ይቅርታ። ምትኩ ዛሬ ይወጣል፤ እስኪደርስም የምከታተለው እኔ ራሴ ነኝ።»

መልሱ አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

«ለካ እዚያ ሰው አለ!»

ሚጣ ይህን አንብባ አለቀሰች፤ አባቷ በጀርባዋ በኩል ወረቀት እያገላበጠ ሰማት። ተነሥታ ወረደች።

የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ ባለ ጥቁር ፍሬሙ። ደራርብ ዳርና ዳሩን በአረፋ ፕላስቲክ ሞልቶታል። አራት ፕላስተር በመስቀለኛ ለጥፎ ጫፎቹን በአውራ ጣቱ ተጭኗቸዋል። ሽርጡ ትከሻው ላይ ነው። ነገ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሌላ ሰው ይቆማል። ስልኩን አወጣ፤ ለፎቶው፣ እንደ ደንቡ፣ ከፕላስተሩ በኋላ። ሚጣ መጥታ አጠገቡ ቆመች። ትከሻው ሲሸሽ ተሰማት፤ ከዚያ ሳይሸሽ ቀረ።

«ፎቶው ላይ ሰው ይታያል» አለ፣ ወደ መስታወቱ እያየ።

«ይታይ።»

መስታወቱ ውስጥ ሁለት ፊቶች በፕላስተር ተቆራርጠው ቆሙ፤ የእሱ አንድ ዓይን፣ የእሷ ግማሽ አፍ። ረጅም ጊዜ አያት። ተቆጥቶ እንደነበር ዓይኑ ያሳብቃል፤ ቁጣው ሙሉ በሙሉ እንዳልለቀቀውም እንዲሁ።

«ጠጋ በይ» አለ። «ፕላስተሩ ጋረደሽ።»

በይ አላት! ተጠጋች። እሱ ፎቶውን አነሣ፤ እሷ ራሷ ስልኩን ተቀብላ በትዕዛዙ ቁጥር ሥር አስገባችው። «ምርመራ» ዓምድ ላይም፣ እንደ ደንቡ፣ ያየችውን ጻፈች፤ «ሁለት ሰው ይታያል።» ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቤቱ ባለቤት፣ ለአባቷ፣ ላከችው።

ሁለቱም ቀና ብለው ወደ መስኮቱ አዩ። ከመስኮቱ መስታወት ኋላ አባቷ ወደ ኮምፒውተሩ ዘንበል ብሏል። መልእክቱ እንደደረሰው ያስታውቃል፤ መነጽሩን አድርጓል፤ እጁ ግን አልተንቀሳቀሰም። ደራርብ እጇን ያዘ። የእሱ እጅ ሞቃት ነው፤ የእሷ ቀዝቅዟል። ፎቶ ልኮ፣ የተላከለት ሰው ይከፍተው ይሆን ብሎ መቆም ምን እንደሆነ ሚጣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አታውቅም ነበር።

«ክፈተው» አለች ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ። «አባዬ፣ እባክህ ክፈተው።»